ዋስና ባለአክሲዮን

የሐረሪ ቤት መቀመጫው ማን ማን እንደሆነ ይናገራል። ነደባ የሚሉት በቀይ የተቀባ መደብ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ ከዚያ ትልቁ፣ ከዚያ ትንሹ፣ ከዚያ ገባ ብሎ የተሸሸገው፣ መጨረሻ ላይ ከበሩ ኋላ ያለው። ባንድ ዐርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በሐረር ጁገል ግንብ ውስጥ እንዲህ ባለ ቤት ስገባ፣ አጎትየው አሚር ነደባ ላይ እግራቸውን አጥፈው ስልካቸውን ይነካካሉ። የእህታቸው ልጅ ትንሹ ነደባ ጫፍ ላይ አራት ገጽ ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። የሁለቱም ሐሳብ አንድ ድርጅት ላይ ነው። አንዱ ሊገዛው፣ ሌላው ሊገዛለት።

አጎትየው መኪና ግርግር ከሚባለው፣ ስሙን ከልብስ ስፌት መኪኖች ጩኸት ካገኘው ጠባብ መንገድ አጠገብ ጨርቅ ይነግዳሉ። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በቴሌብር ሲሸጥ ዝቅተኛውን፣ 33 አክሲዮን በ9,900 ብር ገዝተዋል። «ይሄ ለሙከራ ነው» አሉኝ ስልካቸውን እያሳዩ። «እኔ የምጠብቀው አየር መንገዱን ነው። መቼ ነው የሚወጣው?» ልጁ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በምሕንድስና ተመርቆ የአብራሪነት ፈተናዎቹን ጨርሷል። የያዘው ወረቀት የሥልጠና ውል ነው። ዋስ አምጣ ተብሏል፤ ዋስ እንዲሆኑለት የመጣውም እኚሁ አጎቱ ዘንድ ነው። ስማችን አይጻፍ ስላሉኝ አጎትና ልጅ ብዬ እቀጥላለሁ።

የሚኖሩበት ከተማ ነገሩን ትንሽ አስቂኝ ያደርገዋል። ሐረር አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። መብረር የፈለገ ሚኒባስ ተሳፍሮ በሐረማያ በኩል፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርዶ 50 ከምናምን ኪሎ ሜትር ርቆ ድሬዳዋ ይገባል። ሐረር ሜዳ የሚባል ዝነኛ የአየር ኃይል ሰፈር አለ፤ እሱም ያለው ቢሾፍቱ ነው። ስሟ ቢሾፍቱ ላይ ሲበር ከተማዋ ሚኒባስ ትጠብቃለች።

ቢሆንም የኢትዮጵያ አየር መንገድና ይህ አገር የቆየ ሒሳብ አላቸው፤ መነሻው ጫት ነው። ጫት ከተቀጠፈ በኋላ ብዙ ቀን የማይቆይ ቅጠል ነው፤ ዛሬ ካልደረሰ ነገ ዋጋ የለውም። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ50ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሐረርጌ ተራሮች የወረደውን ጫት ከድሬዳዋ አንስቶ ወደ ኤደንና ጅቡቲ ያደርስ የነበረው የአየር መንገዱ ዳኮታ አውሮፕላን ነው። የአየር ጭነት ትርጉም ያለው እንዲህ ላለው ዕቃ ነው፤ ቶሎ የሚበላሽ፣ ክብደቱ ቀላል፣ ዋጋው ከባድ። ዛሬ ያንኑ ሒሳብ አበባ ይሠራዋል።

«ታዲያ እኛ ከድሮም ባለድርሻ ነን ማለት ነዋ» አሉ አጎትየው።

በወረቀት ካየነው ግን ድርሻው ሁልጊዜ የመንግሥት ነበር። ብዙ ሰው የማያስታውሰው፣ አየር መንገዱ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ካፒታሉ 2.5 ሚሊዮን ብር ሆኖ በ25,000 አክሲዮን ተከፍሎ መወለዱን ነው። አንዷም አክሲዮን ግን ከመንግሥት እጅ አልወጣችም። አስተዳደሩን ቲ.ደብሊው.ኤ. የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ያዘ፤ የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ካይሮ ገባ። አብራሪዎቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆነው መሪውን የያዙት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሥራ አስኪያጅነቱ ወደ ኢትዮጵያዊ፣ ወደ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የተሻገረው ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ.። በ1965 እ.ኤ.አ. ስሙም አቋሙም ተለውጦ አክሲዮን ማኅበር ተብሏል። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አክሲዮን የሚገበያይ ቡድን ነበር፤ ደርግ ሲመጣ ተዘጋ። እንግዲህ አክሲዮኑም ነበር፣ ገበያውም ነበር፤ ሁለቱ አልተገናኙም እንጂ።

በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሊገናኙ የደረሱ መሰለ። የኢሕአዴግ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ የኢትዮ ቴሌኮምን፣ የአየር መንገዱን፣ የኃይልንና የመርከብን ድርሻ፣ አብላጫውን መንግሥት ይዞ ቀሪውን ለግል ባለሀብት እሸጣለሁ አለ። ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ አየር መንገዱ ነበር። ቴሌ ይሸጣል ሲባል ያላዘነው ሰው አየር መንገዱ ሲባል ተቆጣ። ሐረሮች ቁጣውን ባይጋሩ አልፈርድባቸውም፤ የከተማቸው ቢራ ፋብሪካ በ2003 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ለሄኒከን ሲሸጥ ከበደሌ ጋር ተደምሮ 163 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ነበር፤ ለነዋሪው ግን አንዲት አክሲዮን አልቀረበችም። አጎትየው ይህን ሳነሳባቸው ሳቁ። «የቢራ አክሲዮን ምን ልሠራበት?»

ከዚያ ነገሩ ቀዘቀዘ። ሰሌዳው ላይ ሌሎች ቀደሙ፤ አየር መንገዱ በ2014 ዓ.ም. በተቋቋመው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ገባ። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ገበያው ተከፍቷል፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ዕቃ መደርደሪያው ላይ የለም።

ቢወጣስ? ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው አንድ ቁጥር አለ፤ 7.6 ቢሊዮን ዶላር። አየር መንገዱ በ2017 በጀት ዓመት ያገኘው ገቢ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 7 ቢሊዮን ነበር። ከ19 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ፣ 785 ሺህ ቶን ግድም ጭነት። በ2035 እ.ኤ.አ. ገቢውን 25 ቢሊዮን ዶላር፣ መንገደኛውን 65 ሚሊዮን፣ አውሮፕላኑን 271 የማድረስ ዕቅድ አለው። አጎትየው ቁጥሮቹን በቃል ያውቋቸዋል። እኔም ጠየቅኋቸው፤ «በዓመት የስንት ብር ጨርቅ ይሸጣሉ?» ነገሩኝ። «ከዚያ ውስጥ ስንቱ የእርስዎ ነው?» ዝም አሉ፤ ከዚያ ፈገግ አሉ። ጨርቅ ነጋዴ ሽያጭና ትርፍ ለየቅል መሆናቸውን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ይህን እውቀቱን ግን አክሲዮን ሲገዛ ከሱቁ ጥሎት ይመጣል።

የአየር መንገድ ትርፍ ቀጭን ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ለ2025 እ.ኤ.አ. ሲተነብይ፣ የዓለም አየር መንገዶች ተደምረው ከአንድ መንገደኛ የሚተርፋቸውን 7 ዶላር ከ20 ሳንቲም አድርጎ አስቀመጠው። ለአፍሪካ አየር መንገዶች የሰጠው 1 ዶላር ከ30 ነው። ነዳጁ በዶላር፣ ኪራዩ በዶላር፣ መለዋወጫው በዶላር፣ የአውሮፕላን ብድሩም በዶላር ነው። በዚህ በኩል የእኛው አየር መንገድ ከብዙዎቹ ይሻላል፤ ገቢውም አብዛኛው የውጭ ምንዛሪ ስለሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ ከ100 ሲያልፍ ጨርቅ አስመጪው አለቀሰ፤ በዶላር ሸጦ በብር ለሚከፍል ድርጅት ግን የብሩ ወጪ ቀለለ። ከብር ወጪዎቹ ውስጥ ዋነኛው ደግሞ ደመወዝ ነው። እዚህ ላይ ትንሹ ነደባ ላይ የተቀመጠው ልጅ ቀና አለ።

እሱን ለጊዜው ላቆየውና ስለ ከፍታ አንድ ነገር ልጨምር፤ ባለአክሲዮን የሚሆን ሰው ብዙ ጊዜ የማይጠይቀው ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ላይ ነው ያለው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚያገኘው ድጋፍ ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይደክማል። ስለዚህ ረጅም መንገድ የሚሄድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይቸግረዋል፤ ወይ ጭነት ይቀንሳል፣ ወይ መንገድ ላይ ያርፋል። የዋሽንግተን መንገደኛ ወደዚያ ሲሄድ መሀል ላይ ነዳጅ ለመቅዳት የሚያርፈው፣ ሲመለስ ግን በአንድ ትንፋሽ የሚመጣው ለዚህ ነው። ደንገጎን ሽቅብ የጫነ አይሱዙ ሲወጣ ያየ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ 60 ሚሊዮን፣ በኋላ 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሎ ታስቧል። ወጪው ሲነገር ከ10 ቢሊዮን ዶላር ይጀምራል። ይህ ከአየር መንገዱ የአንድ ዓመት ገቢ ይበልጣል። አክሲዮን የሚገዛ ሰው የዚህን ብድር ቁራሽ አብሮ ይገዛል። ለኔ ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ ማረፊያው ካልተሠራ አየር መንገዱ ማደጉን ያቆማል፤ ከተሠራ ደግሞ ባለአክሲዮኑ ለብዙ ዓመት ትርፉ ወደ ባንክ ሲሄድ ያያል። ቶሎ ትርፍ የሚፈልግ ሰው ሱቁን ቢያሰፋ ይሻለዋል።

አጎትየው በዚህ አልተገረሙም። የከነከናቸው ሌላ ነው። «ብድሩ በወለድ ነው አይደል?» አሉ። አውሮፕላን ውስጥ መጠጥም ይቀርባል። ሐረር ውስጥ ይህ ጥያቄ ዳር ላይ የሚጣል አይደለም፤ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሲከፈቱ አክሲዮናቸውን ተሻምቶ የገዛው እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ነው። የእስላማዊ ፋይናንስ መስፈርት አውጪው አዮፊ ያስቀመጠው ልክ አለ፤ አንድ ኩባንያ ያለበት የወለድ ብድር ከገበያ ዋጋው 30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ያልተፈቀደ ገቢው ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን። በብድር አውሮፕላን የሚገዛ ድርጅት በመጀመሪያው መስፈርት ላይ ሊወድቅ ይችላል። መንግሥት አንድ ቀን ድርሻ ለመሸጥ ቢወስን፣ በዚህ አገር ምሥራቅ ያለውን ገንዘብ የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በዚህ ጥያቄ መልስ ነው፤ በማስታወቂያ አይደለም።

የቴሌ ሽያጭ ደግሞ ሌላ ነገር አስተምሯል። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ቀረበ። በየካቲት ሽያጩ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን፣ የገዛው 47,377 ሰው፣ የተሰበሰበው 3.2 ቢሊዮን ብር ነው። ከአሥሩ አንዱ መሆኑ ነው። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ትልቁ ግዢ ከአንድ ሚሊዮን ብር በታች እንዲሆን ተደርጎ ስለነበር ከበርቴው እንደልቡ አልገባም፤ ደሃው አቅሙ አልፈቀደም።

ጎረቤትስ? ኬንያ ኤርዌይስ በ1996 እ.ኤ.አ. ኬ.ኤል.ኤም. 26 በመቶ ወስዶ፣ ሕዝቡም አክሲዮኑን በ11 ሽልንግ ከ25 ሳንቲም ገዝቶ ናይሮቢ ገበያ ላይ ወጣ። አፍሪካ ውስጥ መንግሥት እንዴት አየር መንገድ እንደሚሸጥ ማሳያ ተባለ። ከ20 ዓመት በኋላ በተከታታይ ሁለት ዓመት በየዓመቱ ከ25 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ ከሰረ። ሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. አክሲዮኑ ከግብይት ታገደ፤ እገዳው የተነሳው ጥር 2025 ነው። በ2024 አተረፈ፤ በ2025 መጀመሪያ ግማሽ ዓመት አውሮፕላን ቆሞበት መልሶ ከሰረ። መሀል ላይ፣ በኅዳር 2022፣ አብራሪዎቹ አድማ መትተው አውሮፕላኖቹ ለቀናት መሬት ላይ ዋሉ። በዚያ አድማ አክሲዮን ያለው ናይሮቢያዊ ባለሱቅና መሪ የያዘው ካፒቴን የሚፈልጉት ገንዘብ ከአንድ ኪስ መሆኑ በአደባባይ ታየ።

ልጁን እንግዲህ እዚህ እናምጣው።

አብራሪ ሀብቱ ሦስት ነገር ነው፤ ሰውነቱ፣ የበረራ ሰዓቱና ተራው። ሰውነቱን ሐኪም በየዓመቱ ያየዋል፤ ከ60 ዓመት በኋላ በየስድስት ወሩ። የዓይን ወይም የልብ ችግር ቢገኝ ሥራው በአንድ ወረቀት ያልቃል። ችሎታው በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ሲሙሌተር ውስጥ ይፈተናል። የበረራ ሰዓቱ ሎግ ቡኩ ላይ ይመዘገባል፤ ወደ ሌላ አየር መንገድ ይዞት የሚሄደው ይህን ነው፤ የካፒቴን ፈቃድ ለማግኘት 1,500 ሰዓት ዝቅተኛው ነው። ተራው ግን አብሮት አይሄድም። በብዙ አየር መንገዶች ማን መቼ ካፒቴን እንደሚሆን፣ ማን የትኛውን አውሮፕላን እንደሚይዝ የሚወሰነው በቅጥር ቅደም ተከተል ነው። ዘሎ የሄደ ሰው አዲሱ ቤት ከመጨረሻው ነደባ ይጀምራል፤ ከበሩ ኋላ።

ምርጫው እንዲህ ይመጣል። የሀገር ውስጡ ሥልጠና በውል ነው፤ ድርጅቱ ያሠለጥናል፣ ሠልጣኙ ዓመታት ያገለግላል፣ ቀድሞ ከወጣ ይከፍላል፣ ካልከፈለ ዋሱ ይጠየቃል። ከቦምባርዲየር ኪው 400 ወይም ከ737 ረዳት አብራሪነት ይጀመራል፤ ከዚያ ትልልቆቹ፣ ከዚያ የካፒቴኑ የግራ ወንበር። መሪው ላይ የተቀመጡት ሰዎች መልክ ተለውጧል፤ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነዋል፤ ኅዳር 2008 ዓ.ም. ወደ ባንኮክ የበረረው ቡድን በሙሉ ሴት ነበር። ልምድ ሲጠራቀም የዐረቦቹ ባሕረ ሰላጤ ይጠራል። እዚያ ደመወዙ ከግብር ነፃ ነው፤ ቤት አለ፤ የልጅ ትምህርት ቤት አለ። እዚህ ደግሞ ከደመወዝ ላይ ከፍተኛው የገቢ ግብር 35 በመቶ ነው፤ በብር የሚከፈለው ሰው የ2016ቱን ሐምሌ በኪሱ ቆጥሮታል። ቦይንግ በሚቀጥሉት ሃያ ዓመታት ዓለም 660 ሺህ ያህል አዲስ አብራሪ ትፈልጋለች ይላል። አውሮፕላን የሚሸጥ ድርጅት ትንበያ በመሆኑ ትንሽ ቀንሼ ነው የማነበው፤ ግን ግማሹ እውነት ቢሆንም ብዙ ነው።

ደግሞ 2020 እ.ኤ.አ. አለ። ኮሮና ሲመጣ ኤሚሬትስን የመሳሰሉ ሀብታም አየር መንገዶች አብራሪዎቻቸውን በገፍ አሰናበቱ። እዚህ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበራቸው ተነቅሎ የጭነት ሆኑ፤ ሥራው ቀጠለ። ከባሕረ ሰላጤ ሻንጣቸውን ይዘው የተመለሱ ነበሩ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባልላቸው። እኔ ግን አልስቅባቸውም። በብር የሚማር ልጅ ያላት እናት፣ ዶላር የሚያመጣ ባል አንድ ጊዜ ቢሰናበት እንኳ ትርፍ ያየችበት ዘመን አልጠፋም።

ልጁ ሲጠየቅ ሌላ ነገር ነው የሚያነሳው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት የአየር መንገዱ የ302 በረራ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲወድቅና 157 ሰው ሲያልቅ እሱ ገና ተማሪ ነበር። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመታቸው ነበር። መጀመሪያ ጣት የተቀሰረው አብራሪዎቹ ላይ ነው፤ በኋላ የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኑ የቁጥጥር ሥርዓት ጥፋት መሆኑ ታወቀ፤ ዓለም ሁሉ አውሮፕላኑን አቆመ። «እኔ ያን ጊዜ ነው አብራሪ ልሁን ያልኩት» አለ። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ትከሻውን ሰበቀ። አጎትየው ከላይ ሆነው «ከእናቱ ደብቆት ነበር» አሉ።

ወደ ደመወዙ ልመለስ፤ የቤቱ ጨዋታ ያለው እሱ ጋ ነው። አየር መንገዱን ከተፎካካሪዎቹ የሚያስበልጠው አንዱ ነገር ራሱ ያሠለጠነው፣ በውል የተያዘ፣ ከሌላው ዓለም ሲነጻጸር በርካሽ የሚሠራ ባለሙያ ነው። አብራሪም፣ ቴክኒሻንም፣ አስተናጋጅም። አክሲዮኑ ቢሸጥ የዋጋው አንዱ ክፍል ይህ ነው፤ በየትኛውም የሽያጭ መግለጫ ላይ «የልጆቻችሁ ዝቅተኛ ደመወዝ» ተብሎ ባይጻፍም። አጎትየው ጥሩ ትርፍ ድርሻ እንዲያገኙ ልጁ ርካሽ መሆን አለበት። ልጁ ውድ ሲሆን ወይ ደመወዙ ይጨምራል፣ ትርፉ ይቀንሳል፤ ወይ ዶሃ ይሄዳል፣ ሌላ ልጅ ከዜሮ ይሠለጥናል፣ ትርፉ እንደገና ይቀንሳል። ገንዘቡን በሁለቱም በኩል ያስቀመጠ ቤተሰብ ራሱን በራሱ ይቆነጥጣል።

ይህን ስናገር ቁጢ ቀረበ፤ ከቡና ቅጠል የፈላው፣ ወተትና ጨው ያለበት። አጎትየው ፊንጃላቸውን ይዘው ብዙ ዝም አሉ።

«አክሲዮኔን ባልወደው እሸጠዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ገበያው ተከፍቷል አላልክም? እሱስ ዓመቱን ለማን ይሸጣል?»

ልጁ መለሰ፤ «አጎቴ፣ እኔ እኮ ልሸጥ አይደለም የምገባው።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የፈራሁት።»

ከዚያ ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ ወጣን፤ ውሉ መታወቂያ ኮፒ ይፈልጋል፤ ቀኑም ሰኞ ያልቃል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ክፍት ነው፤ መብራት ግን የለም። ባለቤቷ ጄነሬተሩ ናፍጣ እንደጨረሰ ነግራን በርጩማ አወጣችልን። አጎትየው ውሉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከሱቅ የለመዱትን እስክሪብቶ አውጥተው ከገጹ ጀርባ መደመር ጀመሩ። የንግድ አብራሪ የሚያቆመው በ65 ነው ብያቸው ነበር። 65 ሲቀነስ 22፤ 43። ከ43ቱ ላይ የግዴታ ዓመታቱን ቀነሱ፤ የቀረውን ከበቡ። ከጎኑ 9,900 ጻፉ።

«ዋስ ትርፍ ድርሻ ይከፈለዋል እንዴ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

ልጁ ሳቀ። መብራት ያልመጣለት አምፖል ላይ ዓይኗን የጣለችው ሴትዮ፣ ዐሥር ሰዓት ላይ ይመጣል ይላሉ አለችን።